ምን ያህል ቀይ?

የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች የእኔ ፈጠራ ናቸው። አንዱ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መንጌ ወረዳ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሌላዋ የእህታቸው ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ የምትሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ለዓረፋ አገሯ የመጣች። የሚያነሷቸው ጥናቶችና ቁጥሮች እውነተኛ ናቸው፤ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በምልልስ የጻፍኩት ስለ አንጀት መቆጣትና በካሜራ ስለሚደረገው ምርመራ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው መሣሪያውን የሚያውቀው ወገን ብቻ ስለሆነ ነው። መሣሪያው ዘንድ ለመድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘውም ጥያቄ አለው።

አጎት፦ አልሐምዱሊላህ፣ ከሰገራዬ ጋር ይወጣ የነበረው ደም ከቆመ ዓመት አለፈው። ሌሊት አልነሳም፣ ቁርጠት የለም፣ ሰልፋሳላዚኑንም ሳላቋርጥ እውጣለሁ። ምን ጎደለና ነው እንደገና የአንጀት ካሜራ የምትይኝ?

ሐኪሟ፦ የጎደለ ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ካሜራ የምልዎትም ስለማላውቅ ነው፣ አጎቴ። በዚህ በሽታ፣ በአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ፣ ሰውየው የሚሰማውና የአንጀቱ ውስጠኛ ሽፋን ያለበት ሁኔታ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ኦክስፎርድ ውስጥ ትሩላቭና ሪቻርድስ የተባሉ ሐኪሞች በ1956 ይህን አሳይተዋል። በመመልከቻ ሲያዩት ጤነኛ ከመሰላቸው ሽፋን ላይ ናሙና ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩት፣ በበርካቶቹ ላይ መቆጣቱ አሁንም ነበረ። በዓይን የታየው ሽፋን እንኳ እንዲህ የሚያታልል ከሆነ፣ "ደህና ነኝ" የሚለው ቃል ከዚያም ይርቃል።

አጎት፦ ይኑር እንበል። ካልተሰማኝ ምን ይጎዳኛል?

ሐኪሟ፦ ያገረሽብዎታል፤ እንደገና ደም፣ እንደገና ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ፣ ሲብስም ሆስፒታል መተኛት። ሌላው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ለረጅም ዓመታት ሲቆጣ የኖረ ትልቁ አንጀት ለካንሰር ይጋለጣል። ምልክቱ ከጀመረ 8 ዓመት ገደማ ሲሆነው ኮሎኖስኮፒ የምንለው የካሜራ ክትትል የሚመከረውም ለዚህ ነው። እርስዎን የጀመረዎት መቼ ነው?

አጎት፦ መቼ ተብሎ ይታወቃል! መጀመሪያ አሜባ ነው ተባልኩ። ፍላጂል ወሰድኩ፣ ቀለል አለኝ፣ ተመለሰ። ደግሜ ወሰድኩ። ቀጥሎ ልጆቹ ወርቅ ከሚያጥቡበት ወንዝ አብሬ ስለምውል ቢልሃርዝያ ሊሆን ይችላል ተብሎ ፕራዚኳንቴል ተሰጠኝ። እዚህ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ሰው ላይ ሌላ ምን ይታሰባል? በነቀምት በኩል አዲስ አበባ ሄጄ ካሜራው እስኪገባ ድረስ ዓመታት አልፈዋል።

ሐኪሟ፦ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ያደረገው ልክ ነው። ይህን የምለው ሰው ላለማስቀየም አይደለም። አሜባ ያለበት አንጀት ኮላይቲስ ነው ተብሎ ስቴሮይድ ቢሰጠው ሊበሳ ይችላል፤ ሰውም ይሞትበታል። ሺጌላ አለ፣ የአንጀት ቲቢ አለ። ቢልሃርዝያም እዚህ ክልል የሩቅ ወሬ አይደለም። ኩርሙክ በአገራችን የሽንት ቧንቧው ዓይነት ቢልሃርዝያ ከሚገኝባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው፤ የአንጀቱ ዓይነት ደግሞ በብዙ የኢትዮጵያ ወንዞች አለ። ወደዚህ ነገር መመለሳችን ስለማይቀር አይርሱብኝ።

አጎት፦ እኔ ካሜራውን አልጠላሁም፤ ያልገባኝ ካሜራው የሚሰጠኝ መልስ ነው። ሁለት ወረቀት አለኝ። የመጀመሪያው "መካከለኛ መቆጣት" ይላል፤ ሁለተኛው "ቀላል መቆጣት" ይላል። ያዩኝ ሐኪሞች የተለያዩ ናቸው። ተሽሎኝ ነው ወይስ ሁለተኛው ሐኪም ቸር ሰው ስለሆነ?

ሐኪሟ፦ ከወረቀቱ ብቻ ማንም ሊነግርዎት አይችልም። ጥያቄዎ ግን ረጅም ዕድሜ አለው። በ1964 ለንደን ላይ ባሮን፣ ኮኔልና ሌናርድ ጆንስ የተለያዩ ሐኪሞች ያንኑ ሽፋን ሲያዩ ምን ያህል እንደሚስማሙ ፈትሸው ጻፉ። ሐኪሞቹ ይበልጥ የተስማሙት መድማት ላይ ነው፤ ቅላትን በመሳሰሉት ላይ ግን አንዱ ያየውን ሌላው አላየውም። ከዚያ ወዲህ ነው ነጥብ መስጠት የተለመደው። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሠራበት የማዮ ነጥብ በ1987 የመጣ ነው፤ ከ0 እስከ 3 ይሄዳል። 0 የተረጋጋ ሽፋን ነው። 1 ሲሆን ሽፋኑ ቀላ ብሎ የደም ሥሮቹ ይደበዝዛሉ። 2 ላይ የደም ሥሮቹ አይታዩም፣ ሽፋኑ ሲነካ ይደማል፣ ይላጣል። 3 ማለት ሳይነካ የሚደማ፣ የቆሰለ አንጀት ነው። በ2012 ደግሞ ትራቪስና ባልደረቦቹ የደም ሥሩን፣ መድማቱንና ቁስሉን ለየብቻ እየመዘኑ የሚደምሩበት፣ ከ0 እስከ 8 የሚደርስ መለኪያ አወጡ።

አጎት፦ መንጌ ላይ ወርቅ ገዢው በዓይኑና በመዳፉ ይገምት ነበር፤ ሚዛን ሲመጣ ክርክሩ ቀነሰ። አንቺ የምትነግሪኝ ግን ገማቹ ግምቱን በቁጥር መጻፍ ጀመረ ነው። ሚዛኑ አሁንም አልመጣም።

ሐኪሟ፦ አልመጣም፤ ግምቱ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍልም ታይቷል። በ2013 ካናዳዊው ፊገንና ባልደረቦቹ ስለ ሜሳላሚን ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ሜሳላሚን ከእርስዎ ሰልፋሳላዚን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በየሆስፒታሉ ያሉ ሐኪሞች "ይህ ሰው በቂ መቆጣት አለበት፣ ሙከራው ውስጥ ይግባ" ብለው ሕሙማን መረጡ። የምርመራው ቪዲዮ ታካሚዎቹን ለማያውቅ አንድ አንባቢ ሲላክ፣ እሱ ከተመረጡት 31 በመቶውን "አይገባም" አለ። ሁሉም ሲቆጠሩ መድኃኒቱን ከወሰዱት 30 በመቶ፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 20.6 በመቶ በሽታው ጋብ አለላቸው፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል ተባለ። አንባቢው ያጸደቃቸው ብቻ ሲቆጠሩ ደግሞ 29 በ13.8 ሆነ። ያኔ መድኃኒቱ መሥራቱ በግልጽ ታየ።

አጎት፦ መድኃኒቱ ያው፣ ሰዎቹም እነዚያው። የተለወጠው የሚያየው ዓይን ብቻ!

ሐኪሟ፦ ሐኪሞቹ ዋሽተው አይመስለኝም። ፊት ለፊቱ የተቀመጠ፣ የሚሠቃይ ሰው ሕክምና እንዲያገኝለት የሚፈልግ ሐኪም ቅላቱን ትንሽ አብልጦ ያያል። ስለዚህ ነው ሰዎች ከዓይን ውጭ የሚቆም መለኪያ ፍለጋ የወጡት። አንደኛው ሙከራ ሉቫን፣ ቤልጂየም የተሠራው ነው። ቦሱይትና ባልደረቦቹ በ2020 አሳተሙት። የካሜራው ምስል ከብዙ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ እንደሆነ ያውቃሉ፤ እያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን አለው። ቀዩን ይለካሉ፤ በዚያ ላይ የደም ሥሮቹን አቀማመጥ ይጨምሩበታል። ከዚያ ኮምፒዩተሩ አንድ ቁጥር ያወጣል። "ቀላ ያለ" የሚል ሰው በመካከል የለም።

አጎት፦ ከምን ጋር አመሳከሩት?

ሐኪሟ፦ ከማይክሮስኮፑ ጋር። 29 ሕሙማንና 6 ጤነኞች ነበሩ። ቁጥሩና የናሙናው ውጤት ያላቸው ተዛምዶ 0.74 ሆነ።

አጎት፦ ፍጹም ቢሆን 1 ይሆን ነበር። 0.74 ጥሩ ነው፤ በ29 ሰው ላይ ግን ብዙ አልመካበትም። ደግሞ ካሜራው ወደ ሽፋኑ ሲጠጋ ብርሃኑ አይጨምርም? ብርሃኑ ከተለወጠ ቀዩም ይለወጣል።

ሐኪሟ፦ ይህን ጥያቄ ብዙ ሐኪሞች አይጠይቁትም። ሥራው በአንድ ኩባንያ መሣሪያና በዚያው መሣሪያ ብርሃን ላይ የተስተካከለ ነው። ሌላ ካሜራ ላይ እንደወረደ ወስደው ቢገጥሙት ያንኑ ቁጥር ይሰጣል ብሎ ማመን አይቻልም።

ጃፓኖቹ የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። ቀዩን ከመለካት ይልቅ ኮምፒዩተሩን ብዙ ምስል አሳይተው አስተማሩት። ቶኪዮ ላይ ታኬናካና ባልደረቦቹ ከ2,012 ሕሙማን የተነሱ 40,758 ምስሎችን ሰጡት፤ ከዚያ አይቷቸው በማያውቃቸው 875 ሕሙማን ላይ ፈተኑት። ሽፋኑ መዳኑን በ90.1 በመቶ ትክክል ተናገረ። ናሙና ሳይቆረጥ፣ ማይክሮስኮፑ ምን ይል እንደነበር ደግሞ በ92.9 በመቶ።

አጎት፦ ይህ ግን የዛሬውን ነው የሚነግረኝ። እኔን የሚያስጨንቀኝ የከርሞው ነው።

ሐኪሟ፦ እሱንም ሞክረውታል፤ እኔን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ጥናት እሱ ነው። ዮኮሃማ ላይ ማዬዳና ባልደረቦቹ ሽፋኑን 520 ጊዜ አጉልቶ የሚያሳይ መመልከቻ ይጠቀማሉ። በ2022 ያሳተሙት ጥናት ውስጥ ያሉት ሕሙማን በሙሉ ደህና ነን የሚሉ ነበሩ፤ እርስዎ ዛሬ እንዳሉት። ኮምፒዩተሩ ግማሹን ያህል "አሁንም የተቆጣ"፣ የቀሩትን "የዳነ" ብሎ ለያቸው። በ12 ወር ውስጥ "የዳነ" ካላቸው 61 ሰዎች 3ቱ አገረሸባቸው፤ 4.9 በመቶ። "የተቆጣ" ካላቸው 74 ሰዎች 21ዱ፤ 28.4 በመቶ።

አጎት፦ ደህና ነኝ ባዮች ናቸው ሁሉም?

ሐኪሟ፦ ሁሉም።

አጎት፦ ቆይ፤ እኔም ልቁጠር። 74ቱ ላይ 21 ቀንሺ። 53 ሰው "ተቆጥተሃል" ተብሎ ዓመቱን ሙሉ ምንም አልሆነም። እኔ ከነዚያ አንዱ ብሆን፣ ማሽን አስፈራርቶኝ የማያስፈልገኝን መድኃኒት ልትጨምሪብኝ ነው?

ሐኪሟ፦ አልጨምርብዎትም። ይህ እስካሁን ያልተቋጨ ክርክር ነው። በ2021 የወጣው የዓለም አቀፍ ሐኪሞች ስምምነት ግቡ ሽፋኑ በካሜራ ሲታይ መዳኑ ነው ይላል፤ በማይክሮስኮፕ መዳንን ግን ግብ አላደረገውም። ደህና ነኝ የሚል፣ በካሜራም ደህና የሆነ ሰው ላይ ለማይክሮስኮፑ ብሎ ሕክምና ማክበድ የሚያመጣው ጥቅም ገና አልተረጋገጠም። ማሽኑ "የተቆጣ" ቢልዎት የማደርገው ሌላ ነው። ክኒኑን እንዲቀንሱ አልፈቅድልዎትም፤ ቀጠሮዎን አቀርባለሁ፤ ደም ባዩ በሳምንቱ እንዲደውሉልኝ እነግርዎታለሁ። "የዳነ" ካለ ደግሞ ከዚህ እስከዚያ ድረስ ያለውን ጉዞ ልናዘገየው እንችላለን። ለመንጌ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አጎት፦ እሺ። አሁን ወደ ቢልሃርዝያሽ ልመልስሽ። ያ ኮምፒዩተር የተማረው በጃፓን ሰው አንጀት ነው። እኔ ነገ ወንዝ ወርጄ ብመለስ፣ ያ የሚያየው ቅላት የምኑ ነው?

ሐኪሟ፦ አያውቅም። ማሽኑ ቀይ ያያል፤ ለምን እንደቀላ አይጠይቅም። የአንጀቱ ቢልሃርዝያ እንቁላሉን ሽፋኑ ውስጥ ይጥላል፤ ያ ሽፋን ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። አሜባ ያቆስላል። ቲቢም ያቆስላል። ቶኪዮ ውስጥ ኮላይቲስ እንዳለበት የታወቀ ሰው ሽፋኑ ቢቀላ፣ በሽታው አገረሸበት ማለት ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። እዚህ ግን ያው ቁጥር፣ ያው "የተቆጣ" የሚል ቃል፣ ሐኪሙን ወደ ፕሬድኒሶሎን ቢገፋው አሜባ ያለበትን ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ይህ መሣሪያ እንደመጣ እዚህ ይተከል የሚል ሰው ካለ እቃወማለሁ። በመጀመሪያ እኛው አገር በታየ አንጀት ላይ መፈተን አለበት።

አጎት፦ በምን? ያ ሁሉ 40 ሺህ ምስል የሚገኘው ከየት ነው?

ሐኪሟ፦ ምስሉ በየቀኑ ይነሳል። ጥቁር አንበሳን በመሳሰሉ ሆስፒታሎችና በግል ክሊኒኮች ኮሎኖስኮፒ ይሠራል። የሚጎድለው ማስቀመጡ ነው፦ ምስሉ ከናሙናው ውጤት፣ ከሰገራ ምርመራውና ሰውየው ከዓመት በኋላ ምን እንደሆነ ከሚናገረው መዝገብ ጋር አንድ ላይ፣ የታካሚው ስም ተሰርዞ። 40 ሺህ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ቢልሃርዝያ ያለበት፣ አሜባ ያለበት፣ ቲቢ ያለበትና ኮላይቲስ ያለበት ሽፋን ጎን ለጎን ያለው ስብስብ እኔ እስከማውቀው ቶኪዮም ሉቫንም የላቸውም። እኛ ብንሠራው ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለሱዳን፣ ለኡጋንዳ፣ እንዲህ ያሉ በሽታዎች ተደራርበው ላሉበት አገር ሁሉ ይጠቅማል።

አጎት፦ የእኔ ፎቶ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ወረቀቱን ሰጡኝ፤ ፎቶውን አልጠየቅሁም፣ እነሱም አልሰጡኝም።

ለማንኛውም አንድ ነገር ልበልሽ፣ ቅር አይበልሽ። ገንዘብ ከተገኘ እኔ ብሆን መጀመሪያ ለጤና ጣቢያው ነው የምሰጠው። ደህና ማይክሮስኮፕ፣ ሰገራውን ትኩስ እንዳለ የሚያይ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ሶላር። እኔ ያን ሁሉ ዓመት አሜባ እየተባልኩ የኖርኩት ካሜራ ስላልነበረ ብቻ አይመስለኝም፤ አሜባው በእርግጥ መኖሩን ወይም አለመኖሩን የሚያይ ስላልነበረም ነው።

ሐኪሟ፦ ቅር አልሰኝም፣ ልክ ነዎት። ማይክሮስኮፑና ባለሙያው ይቀድማሉ። በቅደም ተከተሉ አልከራከርዎትም። የማልስማማው ብዙ ሰው ከዚያ ተነስቶ "ይህ የቁጥር ነገር የሀብታም አገር ቅንጦት ነው" ሲል ነው። እኔ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። አዲስ አበባ የሚኖር ታካሚ በየዓመቱ ያው ሐኪም ሊያየው ይችላል። የሐኪሙ ዓይን ቢሳሳት እንኳ በየዓመቱ በአንድ ዓይነት ይሳሳታል፤ ስለዚህ ለውጡ ይታወቃል። እርስዎን ግን በሄዱ ቁጥር ሌላ ሰው ነው የሚያይዎት። አንዴ መንገድ ይዘጋና በአውሮፕላን ይሄዳሉ፤ አንዴ ገንዘብ ያጥርና ቀጠሮው ያልፋል፤ አንዴ ያየዎት ሐኪም ሥራ ቀይሮ ይሄዳል። ከእርስዎ ጋር ከዓመት ዓመት የሚጓዘው ወረቀቱ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ "ቀላል" የሚል ቃል ካለ ምንም ይዘው አልሄዱም። ነጥብና ምስል ካለ ግን ቀጣዩ ሐኪም አይቶዎት የማያውቅ ቢሆንም ማወዳደር ይችላል። ሩቅ ላለ ሰው ነው ከዓይን የተላቀቀ መለኪያ ይበልጥ የሚያስፈልገው።

አጎት፦ ይህኛው ገባኝ። ታዲያ ማሽኑ እስኪመጣ ምን ላድርግ?

ሐኪሟ፦ የማዮውን ነጥብ ለመስጠት ማሽን አያስፈልግም፤ ሐኪሙ ከ0 እስከ 3 አንዱን መጻፍ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የትኛው የአንጀት ክፍል ምን ነጥብ እንዳገኘ ይጻፍልኝ ይበሉ። ፎቶዎቹን በፍላሽ ይቅዱልኝ ይበሉ፤ ፍላሽ ከሌለ በቴሌግራም ለእኔ ይላኩልኝ። ሽፋኑ ደህና ቢመስልም ናሙና እንዲወሰድ ይጠይቁ፤ ትሩላቭ በ1956 ያየው ነገር ዛሬም አልተለወጠም።

አጎት፦ ሐኪምን እንዲህ አድርግልኝ ማለት ድፍረት አይሆንም?

ሐኪሟ፦ እኔ ሐኪም ነኝ፤ ታካሚዬ እንዲህ ቢጠይቀኝ ደስ ይለኛል። አንዳንዱ ሐኪም ፊቱን ቢያጠቁር እንኳ ቁጥሩን መጻፍ የሚወስድበት ከደቂቃ ያነሰ ነው። በሁለት ካሜራ መካከል ደግሞ ካልፕሮቴክቲን የሚባል የሰገራ ምርመራ አለ። አንጀት ሲቆጣ ነጭ የደም ሴሎች የሚለቁት ፕሮቲን ነው፤ በአንድ ግራም ሰገራ ከ150 ማይክሮግራም በታች ከሆነ፣ ምልክትም ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ተረጋግቷል። እዚያ ሲደርሱ ማሠራት ይችላሉ። እሱም ቢሆን አሜባ ወይም ሺጌላ ካለ ይጨምራል፤ ለጉልበትዎ የሚወስዱት ዓይነት ማስታገሻም ሊያስጨምረው ይችላል። ስለዚህ ብቻውን አይነበብም፤ ተራ የሰገራ ምርመራው አብሮት ይሠራ።

አጎት፦ ለጉልበቴ የምወስደውን ማን ነገረሽ?

ሐኪሟ፦ እማዬ። ዳይክሎፌናክ ነው አይደል? ይተዉት፣ አጎቴ። ለኮላይቲሱም ጥሩ አይደለም። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይውሰዱ።

አጎት፦ እሺ፣ እተወዋለሁ። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ። ነጥቡን፣ ፎቶውንና ናሙናውን በወረቀት ጻፊልኝ፤ እኔ ልናገር ብል እዚያ ስደርስ ይጠፋብኛል። ሐኪሙ ያንብበው።

ሐኪሟ፦ እጽፍልዎታለሁ። የቀጠሮው ቀን ሲታወቅ ደግሞ አስቀድመው ይደውሉልኝ። አንጀት ማጠቢያውን መድኃኒት ግማሹን ከዋዜማው ማታ፣ ግማሹን በዕለቱ ማለዳ ነው የሚጠጡት፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ እኔ አሰላልዎታለሁ። ጎዳና ላይ እንዳይቸገሩ ከአንድ ቀን በፊት ገብተው እኔ ጋ ያድራሉ። በደንብ ያልጸዳ አንጀት ላይ ሐኪሙም ሆነ ማሽኑ የሚሰጠው ነጥብ አይታመንም።